የፍሬን ካሊፐርን በቤት ለመቀባት የትኛውን ቀለም እንምረጥ?

ካሊፐርን፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ የፍሬን ሸራውን ከጎማው ጋር በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ የሚያጣብቀውን የብረት ክፍል፣ ለመቀባት አስቦ ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ የመኪና ዕቃ መሸጫ የገባ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በቁጥር ላይ ነው። አንዱ ጣሳ እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሌላው 480 ይላል፤ ለጭስ ማውጫ የተሠራው ደግሞ 650 ደርሶ ያልፋል። ሻጩ ትልቁን ቁጥር ይመክራል፤ ገዢውም ፍሬን የሚግል ነገር መሆኑን ስለሚያውቅ ምክሩ ትክክል ይመስለዋል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዚያ ቁጥር ብቻ የተመረጠ ቀለም ብዙ ጊዜ ሙቀት ሳይነካው ስለሚላጥ ነው።

እኔም ይህን የተማርኩት በራሴ ኮሮላ ነው። የፊት ካሊፐሮቹን በቀይ ስፕሬይ ቀብቼ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በግራው ካሊፐር ላይ በፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር ከሚወጣባት ትንሽ ብሎን ሥር ቀለሙ ተሸብሽቦ አገኘሁት። በአውራ ጣቴ ጥፍር ገፋ ሳደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ ከሥሩ ያለው ብረትም እርጥብ ነበር። ቀለሙን የፈታው ሙቀት አልነበረም። ፍሬኑ አየር ሲወጣለት ጠብ ብላ ሳትጠረግ የቀረች የፍሬን ዘይት ናት። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ሆነ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ቀለም የምመርጥበትን ቅደም ተከተል ለውጫለሁ።

## በምን እንመዝን?

ሙቀትን አስቀድሜ የማነሣው ከሌሎቹ መመዘኛዎች ስለሚበልጥ ሳይሆን ከሁሉም ይልቅ የተሳሳተ ግምት ያለበት እርሱ ስለሆነ ነው። ፍሬን ሲረገጥ በቀጥታ የሚግሉት ዲስኩና ሸራው ናቸው፤ ካሊፐሩ ሙቀቱን የሚያገኘው በሸራው ጀርባና ሸራውን በሚገፋው ፒስቶን በኩል አልፎ፣ እንዲሁም ከዲስኩ ከሚነሣው ትኩስ አየር ነው። በካሊፐሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ የፍሬን ዘይት አለ። በአሜሪካ የመኪና ደኅንነት ደንብ መሠረት ዶት 3 የተባለ ደረጃ ያለው አዲስ ዘይት ከ205፣ ዶት 4 ደግሞ ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ ዘይቱ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ገደብ ወደ 140 እና ወደ 155 ይወርዳል። ስለዚህ ካሊፐሩ ራሱ 300 ዲግሪ ቢደርስ፣ የቀለሙ ነገር ከመነሣቱ በፊት ዘይቱ ፈልቶ የፍሬኑ መርገጫ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ሹፌር ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት የሚያደርገው ይህ እንዳይደርስበት ነው። እንግዲህ 250 ዲግሪ አካባቢ በእርግጥ የሚችል ቀለም ለመንገድ መኪና ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ለእሽቅድምድም መኪና ካልሆነ በስተቀር የሚጨምረው ጥቅም ጥቂት ነው።

ሁለተኛውና በእኔ ሚዛን ቀዳሚው መመዘኛ ቀለሙ የፍሬን ዘይትን መቋቋሙ ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 ዘይቶች ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል ቤተሰብ የተሠሩ በመሆናቸው ብዙ ዓይነት ቀለም እንደ መላጫ መድኃኒት ያለሰልሳሉ። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ቀለም አይነካም፤ ነገር ግን ከሌሎቹ ጋር ስለማይቀላቀልና አብዛኞቹ መኪኖች ለእርሱ ስላልተሠሩ ቀለምን ለማዳን ሲባል ዘይት መቀየር ፈጽሞ አይገባም። ካሊፐር በዕድሜው ውስጥ አየር ይወጣለታል፣ ቱቦው ይፈታል፣ የውስጥ ማሸጊያ ጎማው ይቀየራል፤ ስለዚህ ጥያቄው ዘይቱ ይነካዋል ወይስ አይነካውም ሳይሆን ሲነካው ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ከእነዚህ ቀጥሎ ሥራው ካሊፐሩን ሳይፈቱ በግቢ ውስጥ የሚሠራ መሆኑ፣ በጠጠር ሲመታ እዚያው ላይ መጠገን መቻሉ፣ በመጨረሻም ዋጋውና በአካባቢው መገኘቱ ይታያሉ። ድምቀቱን ከመመዘኛ አልቆጥረውም፤ ሁሉም ቀለም በመጀመሪያው ሳምንት ያምራልና። ቀለም ፍሬን የመያዝ አቅም እንደማይጨምርም ከወዲሁ ማወቅ ይገባል። የሚሰጠው ከዝገት መከላከልና መልክ ብቻ ነው።

## ከማንኛውም ምርጫ በፊት፦ ማጽዳት

ውድ ቀለም በቆሸሸ ካሊፐር ላይ ከሚቀባ ርካሽ ቀለም በንጹሕ ካሊፐር ላይ ቢቀባ ይሻላል። ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ ወደ ምርጫዎቹ ከመግባቴ በፊት በዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ሥር ታኮ ይግባ፤ በክሪክ ከተነሣ በኋላም በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለማቆያ አይሆንም። ጎማው ከወጣ በኋላ በካሊፐሩ ላይ የተጋገረውን ጥቁር ብናኝ በኮምፕሬሰር መንፋት ጎጂ ነው፤ በተለይ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አዝቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ አለበት። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈጋል፤ ከዚያም በቁጥር 80 ወይም 120 ብርጭቆ ወረቀት ይሻካራል። ካሊፐሩ አሉሚኒየም ከሆነ ለስለስ ያለ ወረቀት ይበቃዋል።

ለቅባቱ በብዙ ጋራዦች የሚደረገው በናፍታ ወይም በቤንዚን ማጠብ ነው። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። ናፍታ የዘይት ፊልም ትቶ ስለሚሄድ ቀለሙ ብረቱን አይዝም፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ በካሊፐሩ ውስጥ ያሉት ጎማዎች ለፍሬን ዘይት እንጂ ለነዳጅ የተሠሩ ባለመሆናቸው ነዳጅ ሲነካቸው ያብጣሉ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ መጠቀም ይገባል፤ እርሱም አየር በሚገባበት ቦታና ከእሳት ርቆ ነው። ካጸዱ በኋላ በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁ ጥቁር ይዞ እስከወጣ ድረስ ሥራው አላለቀም። እኔ ደግሞ ንጹሕ ውኃ እፍ አደርግበታለሁ፦ ውኃው እንደ ስስ መጋረጃ ተዘርግቶ ከቆየ ብረቱ ንጹሕ ነው፤ ተሰብስቦ እንደ ዶቃ ከተንጠባጠበ ግን ቅባት ቀርቷል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት።

በወረቀት ፕላስተር የሚሸፈኑት ነገሮች ከሚቀባው ነገር እኩል ይጠነቀቁላቸዋል። የፒስቶኑና የተንሸራታቾቹ ፒኖች የአቧራ ጎማ፣ የፍሬኑ ቱቦ፣ የአየር ማስወጫዋ ብሎን ጫፍ፣ ሸራው ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትበት የብረት መቀመጫ፣ ዲስኩ ራሱ፣ እንዲሁም ቸርኬው የሚለጠፍበት ፊት ቀለም አይንካቸው። በሸራው መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ቀለም ሸራውን አጣብቆ ፍሬኑ እየነካ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ በቸርኬው ፊት ላይ የተጋገረ ቀለም ደግሞ እየተጨፈለቀ የጎማው ዳዶ እንዲላላ ምክንያት ይሆናል።

## ምርጫዎቹ በመመዘኛዎቹ ሲታዩ

ለካሊፐር ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ። በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ ከ340 እስከ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ለአንድ አነስተኛ መኪና ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የሙቀት ቁጥሩ ለመንገድ መኪና በቂ ነው፤ ጭረት ሲደርስበትም እዚያው ላይ ደግሞ መርጨት ይቻላል። ድክመቱ ከፍሬን ዘይት ጋር ሲገናኝ ነው፤ አንዳንዶቹ ዘይት እንደሚቋቋሙ ቢገለጽም ያለ ሃርድነር (ከቀለም ጋር ተደባልቆ ከሚያጠነክረው ኬሚካል) የሚደርቅ ቀለም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀላሉ ይለሰልሳል። ሌላው ችግር ጉሙ ነው፤ ሽፋኑ በጥንቃቄ ካልተሠራ ቀይ ነጠብጣብ በዲስኩና በመኪናው ጎን ላይ ይቀራል። ሦስት ወይም አራት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይሻላል፤ በእጆቹ መካከል ያለው ጊዜም በጣሳው ላይ በተጻፈው መሠረት ይሁን። ብዙዎቹ ወይ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ወይም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይደገም ይላሉ፤ በመካከሉ ከተረጨ አዲሱ እጅ የታችኛውን አቅልጦ ይሸበሽበዋል።

በብሩሽ የሚቀባ ባለሁለት ክፍል ኢፖክሲ። በአንድ ካርቶን ውስጥ ቀለሙ፣ ሃርድነሩና ብሩሹ፣ አንዳንዴም ማጽጃው አብረው ይመጣሉ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ በኬሚካዊ መንገድ እርስ በርሳቸው ተሳስረው ስለሚጠነክሩ የፍሬን ዘይትንና ጠጠርን የሚቋቋሙት ከስፕሬይ በተሻለ ነው። ጉም ስለሌለ መሸፈኑ ይቀላል፤ ካሊፐሩ ከቦታው ሳይፈታ ይቀባል፤ ቀለሙም ራሱን በራሱ ስለሚያስተካክል የብሩሹ ዱካ ብዙ አይታይም። በምላሹ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጠኑ በግምት አይደባለቅም፤ ሃርድነሩ ያነሰበት ቀለም ለዘለዓለም እንደ ማስቲሽ ይጣበቃል። ከተደባለቀ በኋላ የሥራ ጊዜው አጭር ስለሆነ አራቱም ካሊፐሮች አስቀድመው ተጠርገውና ተሸፍነው መጠበቅ አለባቸው። ብርድ አይወድም፦ አዲስ አበባ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ጠዋት ረፈድ ሲል ጀምሮ ፀሐይ ሳለች እንዲጠነክር ማድረግ ይመረጣል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ለሁለቱም ዓይነት ቀለም ጠላት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጣሪያ ያለው ደረቅ ቦታ የሌለው ሰው ሥራውን ለበጋ ቢያቆየው ይሻለዋል።

የጭስ ማውጫና የምድጃ ቀለም። ትልቁ ቁጥር ያለው ይህ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ቀለሞች በሲሊኮን ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ ሙሉ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ወደ 200 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲጋገሩ ነው። ጭስ ማውጫ በየቀኑ ይህን ሙቀት ያገኛል፤ በከተማ የሚነዳ መኪና ካሊፐር ግን አያገኝም። ስለዚህ ቀለሙ ደርቆ ይታያል እንጂ አይጠነክርም፤ በጥፍር ይፋቃል፤ ትንሽ የፍሬን ዘይት ወይም ማጽጃ ሲነካውም ታጥቦ ይሄዳል። የተጻፈው ቁጥር እውነት ነው፤ የተሠራው ግን ለሌላ ሥራ ነው። ለካሊፐር አልመክረውም።

የባቲላሜራ ቀለም። የመኪናው አካል የሚቀባበት ባለሃርድነር ቀለም በየሠፈሩ ይገኛል፤ የፈለጉት ቀለም ተቀምሞ ይሰጣል፤ የፍሬን ዘይትንም ከተራ ስፕሬይ ይልቅ ይቋቋማል። ሆኖም የተሠራው ለበርና ለኮፈን በመሆኑ ረጅም ቁልቁለት በሚወርድ መኪና ላይ ቀስ በቀስ ይጠይማል፣ ይሰነጣጠቃልም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የቀቢው ጤና ነው። በሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል በጉም መልክ ሲተነፈስ ሳንባን ለአስም የሚዳርግ ጉዳት ያደርሳል፤ ተራ የአፍ መሸፈኛም አያስቆመውም። በግቢ ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት፣ በኮምፕሬሰር መርጨቱን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሃርድነር የሌለው ተራ የዘይት ቀለም ደግሞ ለግቢ በር ይሁን፤ ለካሊፐር አይሆንም።

የዱቄት ቀለም፣ በተለምዶ ፓውደር የሚባለው። ጥንካሬው ከሁሉም የላቀ ነው፤ የሚጋገረውም ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ምድጃ ነው። ችግሩም ያው ምድጃ ነው፦ ካሊፐሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ ፒስቶኑና ጎማዎቹ በሙሉ ተፈትተው፣ ባዶ ብረቱ ብቻ መግባት አለበት፤ ሲመለስም አዲስ የጎማ ኪት፣ አዲስ የፍሬን ዘይትና በሚገባ የተደረገ አየር ማስወጣት ይፈልጋል። የአሉሚኒየም በርና መስኮት ክፈፍ የሚቀቡ ድርጅቶች ምድጃው ቢኖራቸውም፣ የትኛው ቀዳዳና የትኛው መንሸራተቻ መሸፈን እንዳለበት ነጋሪ ያስፈልጋቸዋል። የቀለሙ ውፍረት እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል በፒስቶኑ ቀዳዳ ወይም በሸራው መቀመጫ ላይ ከተቀመጠ ካሊፐሩን ያበላሸዋል። የወጥ ቤት ምድጃ ለዚህ ሥራ ከዋለ በኋላ ዳግመኛ ምግብ አይገባበትም። ካሊፐሩ ለሌላ ጥገና ሊፈታ ቀጠሮ ከተያዘለት ብቻ ወጪው ይገባዋል እላለሁ።

ካሊፐሩ ላይ የሚለጠፈውን የፕላስቲክ ሽፋን በአጭሩ ልለፈው፦ ሙቀት ያፍናል፤ ሲላላ ቸርኬውን ይመታል፤ ዝገቱንም ሳይታይ እንዲቀጥል ያደርገዋል።

| ምርጫ | ሙቀት | የፍሬን ዘይት ሲነካው | በቤት መሥራት | ጭረት መጠገን | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የካሊፐር ስፕሬይ | በቂ | ደካማ እስከ መካከለኛ | ይቻላል፤ ብዙ መሸፈን ይጠይቃል | ቀላል | ዝቅተኛ |
| ባለሁለት ክፍል ኢፖክሲ በብሩሽ | በቂ | ጥሩ | ይቻላል፤ ሳይፈታ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| የጭስ ማውጫ ቀለም | ከሚፈለገው በላይ | ደካማ | ይቻላል፤ አይጠነክርም | ቀላል | ዝቅተኛ |
| ባለሃርድነር የባቲላሜራ ቀለም | ለከተማ ብቻ | መካከለኛ እስከ ጥሩ | ለጤና አደገኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ፓውደር | በቂ | በጣም ጥሩ | አይቻልም | አስቸጋሪ | ከፍተኛ |
| የፕላስቲክ ሽፋን | ደካማ | አይመለከተውም | ቀላል | በመቀየር ብቻ | ዝቅተኛ |

## ለማን የትኛው?

ቪትስ ወይም ተመሳሳይ አነስተኛ መኪና ላለው፣ በከተማ ለሚነዳና በጀቱ ለተወሰነ ሰው የካሊፐር ስፕሬይ ይበቃል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ከኋላ ታምቡር ስላላቸው የሚቀቡት ካሊፐሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የተረፈው ቀለም የታምቡሩን ውጫዊ ገጽ ይሸፍናል። የፍሬን ዘይት የመቀየሪያ ጊዜው ከደረሰ አስቀድሞ ይቀየር፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይቀባ። ወደፊት ዘይት ጠብ ቢልበት ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ዶት 3 እና ዶት 4 በውኃ ይሟሟሉና።

መኪናውን ለዓመታት ሊይዝ ላሰበ፣ ወይም ቁልቁለትና ጠጠር በበዛበት መንገድ ለሚመላለስ ሰው ያለማመንታት ኢፖክሲውን እመክራለሁ። ከስፕሬይ በብዙ እጥፍ ቢወደድም ሥራው አይደገምበትም። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ለሚኖሩና በክረምት ጨው በሚበተንበት መንገድ ለሚነዱ ወገኖችም ምርጫው ይኸው ነው፤ ጨው በቀጭኑ ስፕሬይ ላይ ያገኛትን ትንሽ ጭረት ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ብረት ስለሚግል ሥራውን በጥላና በማለዳ ያድርጉት።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በአገር ውስጥ ያላገኙትን ቀለም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ለማስመጣት የሚያስቡ ብዙ ናቸው። የስፕሬይ ቀለም ተቀጣጣይ በመሆኑ በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ ወደ አውሮፕላን እንዲገባ አይፈቀድም፤ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ያለበት የቀለም ኪትም እንዲሁ። ዘመድን ችግር ውስጥ ከመክተት አገር ውስጥ ካለው መምረጥ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ጉዳይ ለየት ይላል፤ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ካገደች ወዲህ ቁጥራቸው እየበዛ በመሆኑም ሳልጠቅሰው አላልፍም። እነዚህ መኪኖች ፍጥነት የሚቀንሱት በአብዛኛው በሞተሩ በኩል ኃይል ወደ ባትሪ እየመለሱ ስለሆነ ፍሬናቸው ብዙ አይግልም፤ ነገር ግን ዲስኩና ካሊፐሩ ሳይሠሩ ስለሚውሉ ቶሎ ይዝጋሉ። ለእነርሱ ከሙቀት ቁጥር ይልቅ ዝገት መከላከል ስለሚበልጥ ኢፖክሲው እንደገና ይቀድማል። የኋላ ካሊፐራቸው ላይ የእጅ ፍሬኑ ትንሽ ሞተርና የሽቦ መሰኪያ ካለ በሚገባ ይሸፈን፤ ያን ካሊፐር በቤት መፍታትም አይገባም።

ካሊፐሩ ዘይት የሚያንጠባጥብ፣ የአቧራ ጎማው የተቀደደ ወይም ፒስቶኑ የተጣበቀ ከሆነ ከላይ ካሉት ምርጫዎች አንዱም አይሠራም። መጀመሪያ ይጠገን። ለመጠገን መፈታቱ ካልቀረ ፓውደር ለማስቀባት የሚያበቃ አጋጣሚ ያኔ ነው፤ በጀቱ ካልፈቀደም ያንኑ ንጹሕ ብረት በኢፖክሲ መቀባት ይቻላል።

ቀለሙ ከጠነከረ በኋላ ፕላስተሩ ይነሣል፤ ዲስኩ በፍሬን ማጽጃ ይጠረጋል፤ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊትም መርገጫው ጠንክሮ እስኪይዝ ደጋግሞ ይረገጣል። የጎማው ዳዶ በሰያፍ ቅደም ተከተል በአምራቹ ልክ ይጠበቅ፤ ለብዙዎቹ አነስተኛ ቶዮታዎች ይህ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ጥብቀቱ አንድ ጊዜ እንደገና ይታይ።